ማርቆስ ሳይደርስ የሚቆም መኪና በስንትም ቢሸጥ ውድ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መኪና መግዛት ያሰበ ሁሉ የሚያወራው ስለ ኤሌክትሪክ ነው። አስመጪውም ገጣጣሚውም «ለሁሉም የሚሆን፣ በዋጋው ርካሽ» መኪና እንደሚያቀርብ ይነግረናል። ይበል ብለናል። ማስታወቂያው ግን የሚዘረዝረው የስክሪኑን ስፋት፣ የጣሪያውን መስታወትና የወንበሩን ስፌት ነው፤ ከታች ደግሞ በትልቁ «405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይላል። የጎጃም መኪና ገዢ ጥያቄ ሌላ ነው። አራት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ከአዲስ አበባ በጠዋት ቢነሳ፣ ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ደጀን ወጥቶ፣ ቻርጅ ሳያደርግ ደብረ ማርቆስ ይገባል ወይ? ከገባስ ስንት ፐርሰንት ተርፎት?

405 የሚለው ቁጥር ውሸት አይደለም። የተለካበት አነዳድ ነው የእኛን የማይመስለው። ሲኤልቲሲ የሚባለው የቻይና መለኪያ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱ ለተጨናነቀ ከተማ ይሆናል። ከሱሉልታ ወዲህ ባለው ሜዳ በ80 እና በ90 የሚነዳ ትንሽ መኪና በየ100 ኪሎ ሜትሩ 13 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪያችን መብራት የሚቆጥርበት መለኪያ) ያህል ይበላል፤ 110 ካስገባው ደግሞ ፍጆታው በሲሶ ወይም ከዚያም በላይ ይጨምራል።

በርካሽነቱ ስሙ የሚነሳውን የቻይና መኪና ቢዋይዲ ሲጋልን ለምሳሌ እንውሰድ። በሁለት ዓይነት ባትሪ ነው የወጣው፦ 30.08 እና 38.88 ኪሎዋት ሰዓት። ከአዲስ አበባ ጎሐ ጽዮን 185 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 24 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። ትልቁ ባትሪ ላይ ወደ 15 ይቀራል፣ ማለትም 38 ፐርሰንት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ 1,350 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ። መኪናው ከነተሳፋሪው 1,500 ኪሎ ቢመዝን ሞተሩ ሲወርድ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይመልሳል። ድልድዩ ላይ 46 ፐርሰንት ይደርሳል ማለት ነው። ከዚያ ዳገቱ አለ። ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ ከ6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ፣ ለመንገዱ ርቀት ደግሞ 2 ተጨምሮ በድምሩ 8.2 ይወስዳል። ደጀን ላይ 25 ፐርሰንት ይቀራል። ከደጀን ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌላ 9.1 ይበላል፤ ማርቆስ መግቢያ ላይ የሚቀረው ከ2 ፐርሰንት በታች ነው። ትንሹን ባትሪ የያዘው ደግሞ ደጀንን የሚያየው ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ባነሰ ቅሪት ነው። ይህ ፀጥ ባለ ቀን በወረቀት ላይ የተሠራ ስሌት ነው። የፊት ነፋስ፣ የክረምት ዝናብ ወይም ጣሪያ ላይ የታሰረ ዕቃ ከመጣ ሁለቱም መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ባትሪው 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆንስ? በዚያው ስሌት ማርቆስ የሚገባው 15 ፐርሰንት ይዞ ነው። ከባሕር ዳር ማርቆስ ያለው 265 ኪሎ ሜትር ያህልም ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ፣ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጉዞው 37 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ይጠይቃል። በ38.88 አይሞከርም፤ 45 ግን እንደምንም ይበቃል። ስለዚህ ለጎጃም የሚታሰብ የመንገድ መኪና መነሻው 45 ኪሎዋት ሰዓት ይሁን። ከዚያ በታች ያለው የከተማ መኪና ነው፤ ነውር የለበትም፣ ሲሸጥ ግን «የከተማ» ተብሎ ይሸጥ።

እዚህ ላይ ሹፌር የሚታለልበት ነገር አለ። መኪናው በቁልቁለቱ ለሃያ ኪሎ ሜትር ምንም ሳይበላ ስለወረደ ዳሽቦርዱ የቀረውን ርቀት የሚገምተው በዚያ አካሄድ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ 110 ኪሎ ሜትር ቀርቶሃል ያለው መኪና ድልድዩ ላይ ሲደርስ 200 ሊል ይችላል። ያንን አምኖ የወጣ ሰው ዳገቱ መሃል ቁጥሩ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሲወርድ ያያል። ከድልድዩ እስከ ደጀን የትልቁን ሲጋል ባትሪ 21 ፐርሰንት ይፈጃል፤ ስለዚህ ታች ላይ መታየት ያለበት ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ፐርሰንቱ ነው። ለገጣጣሚ የምንለው ቀላል ነው፦ ፐርሰንቱ ከርቀት ግምቱ በላይ በትልቅ ፊደል ይጻፍ፣ ካርታው ደግሞ የመንገዱን ከፍታ ቆጥሮ «ደጀን በ25 ፐርሰንት ትደርሳለህ» ይበል። ከፍታውን የሚያሰላ ሶፍትዌር አዲስ ነገር አይደለም፤ ለእኛ በሚመጣው መኪና ላይ ጠፍቶ ወይም በቻይንኛ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ባትሪው ሞልቶ ቁልቁለት መጀመርም ችግር አለው። 100 ፐርሰንት የሆነ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መያዙን ይተዋል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ደጀን ወይም ጎሐ ጽዮን ሞልቶ ወዲያው የሚወርድ ሰው ከ90 ፐርሰንት ባያልፍ ይሻለዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ አድርጎ (ማርሹን ነፃ ለቆ) የመውረድ ልማድ ያለው ሹፌር ደግሞ ይህን መኪና ከመያዙ በፊት ልማዱን ይተው። በፎሌ ኃይሉም አይመለስም፣ ሞተሩም አይይዝም፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት በፍሬን ብቻ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ በረሃውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዳገቱ በራሱ የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት አይደለም። የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ 10 ፐርሰንት ኃይል ስለሚያጣ ማርቆስ ላይ አንድ አራተኛው ጉልበቱ አብሮት የለም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያቃጥልምና ጮቄ ተራራ ሥርም ባሕር ዳርም እኩል ይጎትታል። 55 ኪሎዋት ሞተር በቂ ነው። 150 ኪሎዋት የሚል መኪና የሚያስከፍለን ለማንጠቀምበት ጉልበት ነው።

ባትሪው ኤልኤፍፒ፣ ማለትም ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይሁን። ክብደቱ ትንሽ ይበልጣል፤ በዕድሜና እሳትን በመቋቋም ግን ኒኬልና ኮባልት ካለበት ይሻላል። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ጠባይ አለው፦ ቮልቴጁ ከ30 እስከ 80 ፐርሰንት ድረስ እምብዛም ስለማይለወጥ መኪናው ስንት እንደቀረ በትክክል ለማወቅ ይቸገራል። በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ 100 ካልተሞላ ዳሽቦርዱ 15 እያለ መኪናው ሊቆም ይችላል። «ከ80 አታስበልጥ» የሚለው ምክር ለሌላኛው ዓይነት ነው። ማቀዝቀዣው በፈሳሽ የሚሠራ ይሁን። ዳገቱን ጨርሶ፣ ግሎ ደጀን ላይ ፈጣን ቻርጀር የሚሰካ ባትሪ በአየር ብቻ አይበርድም፤ ራሱን ለመጠበቅ ሲል የቻርጁን ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። ፈሳሹ ሲጎድል እንደ ድሮው ራዲያተር የቧንቧ ውሃ መጨመር ደግሞ አይቻልም፤ ፋብሪካው የሚያዘው ፈሳሽ በየከተማው መሸጥ አለበት። የማርቆስ ብርድ ለባትሪ ይስማማዋል፤ ለሰሜን አውሮፓ ክረምት የተሠራ ሂት ፓምፕ (ማሞቂያ) ግን አያስፈልገንም፣ ይውጣና ከዋጋው ይቀነስ።

ስለ ሆዱ ከፍታ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ከዋናው አስፋልት ወጣ ሲባል ፒስታ ነው፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ኮብልስቶንና እንደፈለገ የተሠራ የፍጥነት ማብረጃ አለ። ባትሪው የተነጠፈው ከሆዱ ሥር ስለሆነ አንድ የተፈነቀለ ድንጋይ የመኪናውን ሲሶ ዋጋ ሊነካ ይችላል። ሰው ጭኖ ቢያንስ 170 ሚሊ ሜትር ከፍታ፣ 3 ሚሊ ሜትር የብረት መከለያ፣ ባለ 15 ኢንች የብረት ቸርኬና ወፈር ያለ ጎማ፣ ከነስኮርታውና ከነክሪኩ። በስኮርታ ፈንታ ሙጫና የአየር ፓምፕ ሰጥቶ የሚሸኝ ሻጭ ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይቶ አያውቅም። ጭቃ ላይ ጎማው ሲንሸራተት ኃይል የሚቆርጠው ሲስተም በአንድ ቁልፍ የሚጠፋ ይሁን፤ ካልጠፋ መኪናው ጭቃው ውስጥ እንደቆመ ይቀራል። የኋላ ወንበሩ ተዘርግቶ ሁለት ኩንታል ጤፍ ይጫንበት። መቀመጫውም አምስት ይሁን፤ ሲጋል ሲወጣ አራት ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ቤት ቻርጅ እንምጣ፤ መኪናውን ሳይሆን ቤቱን የሚያቃጥለው እዚህ ጋ ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ገመድ ብዙውን ጊዜ 10 አምፔር ነው። በ220 ቮልት ሲባዛ 2.2 ኪሎዋት ይሆናል። ሌሊቱን 10 ሰዓት ቢሰካ 22 ኪሎዋት ሰዓት ከቆጣሪ ይወጣል፤ በሙቀት የሚባክነው ተቀንሶ 19 ተኩል ያህሉ ባትሪው ውስጥ ይገባል። ያ ማለት 150 ኪሎ ሜትር ነው። ለከተማ ሥራ ከዚህ በላይ አያስፈልግም፣ ውድ የግድግዳ ቻርጀርም ግዴታ አይደለም።

ችግሩ 10 አምፔር ለአሥር ሰዓት ሳያቋርጥ ሲሄድ ነው። ካውያ እንኳ በየደቂቃው ይቆራረጣል፤ መኪና አያርፍም። ብዙ ቤት ውስጥ ሶኬቱን የሚመግበው ለአምፖል የተዘረጋ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ነው። የሶኬቱ ምላስ በላላ ቁጥር ንክኪው ላይ ሙቀት ይፈጠራል። የሚበላሸውን ሶኬት ከመበላሸቱ በፊት መለየት ይቻላል፦ በአንደኛው ቀዳዳ ዙሪያ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ቡናማ ቀለበት ይታያል፣ ስፒናው ሲነቀል እግሩ ጣት ያቃጥላል፣ ሽታው የዓሣ ዓይነት ነው። በማግስቱ ፕላስቲኩ ቀልጦ ስፒናውን ይይዘዋል። በማከፋፈያ መሰካትም ሆነ የኤክስቴንሽን ገመድ እንደተጠቀለለ መጠቀም ወደዚያው ያደርሳል።

ትክክለኛው አሠራር ይኸውና። ከቆጣሪው ለብቻው የሚወጣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ የሚቆርጥ መከላከያ፣ ጠንካራ ባለ 16 አምፔር ሶኬት፣ ከዚያ መሬት የተቀበረ ዘንግ ያለው የኧርዝ ሽቦ። ኧርዝ ከሌለ ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። ያኔ ኧርዙን ከኒውትራሉ ጋር አገናኝቶ የሚያታልለው «ባለሙያ» አይጠፋም። ይህ አሠራር ሰው ይገድላል። ኒውትራሉ ውጭ ፖል ላይ የተበጠሰ ዕለት የመኪናው አካል በሙሉ ኮረንቲ ይሆናል፤ ጠዋት በሩን የሚከፍት ሰው ይዞት ይቀራል። ኒውትራል ሲበጠስ ሌላም መዘዝ አለ፦ 220 የነበረው ወደ 380 ሊጠጋና መኪናው ውስጥ ያለውን ቻርጀር ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ከ175 በታችና ከ250 ቮልት በላይ የሚቆርጥ፣ መብራት ሲመለስም አምስት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ መቆጣጠሪያ ከሶኬቱ በፊት ይገጠም። ከሰኔ እስከ መስከረም መብረቅ በሚበዛበት አገር ሰማዩ ሲያጉረመርም ገመዱን መንቀል ደግሞ ወጪ የለውም።

ለአምራቹ ያለን ጥያቄ፣ መኪናው የሚስበውን አምፔር ከውስጥ 6፣ 8፣ 10፣ 16 ብሎ መምረጥ ይቻል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድና ቮልቴጁ 180 ሲወርድ በ6 አምፔር እየጎተተ ይቆይ እንጂ አይቁም። በእያንዳንዱ ሌሊት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተሞላም በግልጽ ያሳይ። ብዙ የከተማ ሰው ተከራይ ነው፣ ቆጣሪውም የጋራ ነው፤ ከአከራይ ጋር በግምት ከመጨቃጨቅ ቁጥሩን አይቶ መክፈል ይሻላል። ታሪፉ በእርከን የሚጨምር ስለሆነ የአንዱ መኪና የግቢውን ሁሉ ሒሳብ ወደ ላይኛው እርከን ሊያወጣው ይችላል፤ ለብቻው ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ከጠብ ያድናል። የካርድ ቆጣሪ ያለው ደግሞ ከመተኛቱ በፊት ቀሪውን ይይ።

መብራት ሲጠፋ መኪናው ለቤቱ መብራት ይሰጣል የሚለውን ማስታወቂያ በልኩ እንውሰደው። ብዙዎቹ ወደ ውጭ የሚሰጡት ቢበዛ 3.3 ኪሎዋት ነው። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ አምፖል፣ ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ያንቀሳቅሳል፤ እንጀራ ምጣድ ግን 3.5 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ አይሸከመውም። ቢሆንም ይህ ነገር ከጣሪያ መስታወት ይልቅ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነው።

የመንገድ ቻርጀርን በተመለከተ የመሰኪያው ነገር ከአሁኑ ይወሰን። የቻይናው ጂቢቲና የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 አይገጣጠሙም። አገር ውስጥ ያለው መኪና አብዛኛው ከቻይና የመጣ ስለሆነ ደጀን ላይ የሚተከል ቻርጀር ሁለቱንም ራስ መያዝ አለበት። 60 ኪሎዋት ይበቃል፤ ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ለብቻው ከተሰጠው ትልቁን ሲጋል በግማሽ ሰዓት ከ30 ወደ 80 ፐርሰንት ያደርሰዋል፣ ያ መኪና ከ40 ኪሎዋት በላይ አይቀበልምና። ከደጀን ቀጥሎ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ እንጅባራ። የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የጣና በለስ ኃይልም በእኛው ሰማይ ላይ በከፍተኛ መስመር ያልፋል። የጎደለው የመጨረሻው ትራንስፎርመርና ሶኬቱ ነው።

ሌላ የጎጃም ነገር፦ የሞባይል ዳታ በክልላችን ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚከፈት፣ ለመመዝገብ የቻይና ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ መኪና ያን ጊዜ ቆርቆሮ ነው። መኪናው ያለ ኢንተርኔት ይከፈት፣ ይነሳ፣ ቻርጅ ይደረግ። የብረት ቁልፍ ይኑረው፣ በሩም በእጅ የሚሳብ እጀታ ይኑረው። ከበሩ ጋር ተስተካክሎ የሚገባው ኤሌክትሪካዊ እጀታ አቧራ ሲጠጣ ይነክሳል፤ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ስትሞት ደግሞ ፈጽሞ አይወጣም። ትልቁ ባትሪ 90 ፐርሰንት ሞልቶ እያለ በዚች ትንሽ ባትሪ ምክንያት የማይነሳ መኪና ወደ ጋራዥ ሲጎተት ያሳዝናል። ቦታዋ የትኛው ክዳን ሥር እንደሆነ በአማርኛ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። ሜኑውም በአማርኛ ይሁን፣ የሙቀትና የመስታወት መጥረጊያ ቁልፎች በእጅ የሚነኩ ይሁኑ፣ ስክሪኑ 7 ኢንች ይበቃል።

ዋጋው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 120 አለፈ። ለስሌት ያህል 150 ብር እንበለው። ሲጋል እ.ኤ.አ. በ2023 በአገሩ ሲወጣ መነሻ ዋጋው 73,800 ዩዋን፣ ማለትም ከ10 ሺህ ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ነበር። ለምሳሌ ከነማጓጓዣው 10,500 ዶላር የደረሰ መኪና 1,575,000 ብር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውሳኔ ሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና 15 ከመቶ ቀረጥ ሲከፍል፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 ከመቶ፣ ፈጽሞ ተበትኖ የሚመጣው ዜሮ ተብሎ ነበር። በዚህ መኪና ላይ 15 ከመቶው 236,250 ብር፣ 5 ከመቶው 78,750 ብር ነው። እዚህ ተገጣጥሞም ከውጭው እኩል የሚሸጥ ከሆነ ያ ልዩነት የት እንደገባ ገዢው የመጠየቅ መብት አለው።

ለባትሪው ዋጋ ደግሞ መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የገበያ አጥኚው ብሉምበርግ ኤንኢኤፍ ባወጣው መረጃ የሊቲየም ባትሪ ጥቅል አማካይ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 115 ዶላር ነበር። ከ30 ወደ 45 ለማደግ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይጨመራል፤ 1,725 ዶላር፣ በብር 258,750። ስለዚህ በአንድ ዓይነት አካል ሁለት መኪና ይቅረብልን። የከተማው በ30 ኪሎዋት ሰዓትና በ1.3 ሚሊዮን ብር፣ የመንገዱ በ45 ኪሎዋት ሰዓትና በ1.56 ሚሊዮን ብር፤ ከላይ ካሰላነው በታች ቢሆንም እንዲደርሱበት የምንጠይቀው ዋጋ ይህ ነው። በሁለቱ መካከል ግማሽ ሚሊዮን የሚጠይቅ ሻጭ የሚያስከፍለን ለባትሪ አይደለም።

ይህ ዋጋ ለማን ያዋጣል? በወር 1,040 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መምህር በቤንዚን መኪና 70 ሊትር ያህል ይጨርሳል። ሊትሩን በ120 ብር ብናስብ 8,400 ብር ነው። በኤሌክትሪክ ከነብክነቱ 152 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ6 ብር ቢታሰብ 912 ብር። የሚተርፈው 7,500 ብር ግድም ነው፣ በስምንት ዓመት 720 ሺህ። ቁጠባው ብቻውን መኪናውን አይከፍለውም፤ «ራሱን ይከፍላል» ብሎ ለመምህር የሚሸጥ ሰው አላሰላም። በወር 26 ቀን፣ በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ታክሲ ግን ሌላ ነው። በወር 31 ሺህ ብር ግድም የሚፈጀው ቤንዚን በ3,400 ብር መብራት ይተካለታል፤ 28 ሺህ ይተርፈዋል። ከ1.3 ሚሊዮኑ 30 ከመቶ ከፍሎ 910 ሺህ በ16 ከመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢበደር ወርሃዊ ክፍያው 22,100 ብር ነው። የሌሊቱ 10 አምፔር ሶኬትም የቀኑን 150 ኪሎ ሜትር በልኩ ይሞላለታል። ባንኮች ለዚህ ዓይነት መኪና ብድር ቢከፍቱ መጀመሪያ የሚያዋጣቸው ታክሲው ነው። ለመምህሩ የስምንት ዓመት ብድር ካልመጣ እኛም ግዛ አንለውም።

ዋስትናው በባትሪው ላይ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር፣ አቅሙ ከ70 ፐርሰንት ከወረደ የሚተካ፣ በዓለም የተለመደው ይህ ነው። በፋብሪካው ወኪል ሳይሆን በጎን የገባ መኪና ግን የፋብሪካው ዋስትና እዚህ አይከተለውም፤ ሻጩ በራሱ ማኅተም ይጻፈው። ፓራውልት፣ ፓራፋንጎ፣ የፊት መብራት፣ ሾክ አብዞርቨር፣ የቻርጅ ገመድ ባሕር ዳር ወይም ማርቆስ መጋዘን ውስጥ ከነዋጋቸው ይገኙ። የመመርመሪያ መሣሪያውም ለግል ጋራዥ ይሸጥ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ገመድ ያየ መካኒክ የ12 ቮልቱን ነቅሎ፣ የአገልግሎት መቁረጫውን አውጥቶ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቆ፣ ባለ 1,000 ቮልት ጓንት አጥልቆ፣ ለክቶ ዜሮ ሳያይ እንዳይነካ የሚያስተምር የሦስት ቀን ሥልጠና መስጠት ለሻጩ ከባድ ወጪ አይደለም።

አስመጪዎችና ገጣጣሚዎች ሆይ፣ መንገዱ ክፍት በሆነ በአንድ የነሐሴ ቀን፣ መኪናችሁን አራት ሰው ጭናችሁ በ80 ፍጥነት ከአዲስ አበባ ማርቆስ ንዱት። ጎሐ ጽዮን፣ ድልድዩ፣ ደጀንና ማርቆስ ላይ ዳሽቦርዱን ፎቶ አንሱና አራቱን ፐርሰንት ከዋጋው አጠገብ ጻፉልን። የእኛ ግምት ለ38.88ቱ 38፣ 46፣ 25 እና ከ2 በታች ነው።

ከደብረ ማርቆስ፣ በአውቶ ኤሌክትሪክና በመካኒክነት ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች